ለሁሉም የተጻፈው መግለጫ

ከቤቴል ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል። ከወሬያቸው እንደገባኝ እሳቸው አናጺ ናቸው፤ ድረ ገጻቸውን የሠራችላቸው እሷ ናት።

«ለአንዲት ደንበኛ የሕፃን አልጋውን ሊንክ ስልክላት የሶፋ ፎቶ ወጣ። ሴትዮዋ ‹እኔ ልወልድ ነው፣ ሶፋ ምን ያደርግልኛል?› አለችኝ።»

«አውቃለሁ አባዬ። ሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ሜታ ታግ ይዞ ነበር።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ገጹ አናት ላይ የሚጻፍ መግለጫ ነው። ገጹን የከፈተ ሰው አያየውም፤ ሊንኩ ሲላክ ግን ስሙም ፎቶውም የሚመጣው ከእሱ ነው። አሁን ገጾቹ ሁሉ የሚወጡበት ቴምፕሌት ውስጥ አንድ አጋዥ ኮድ ጨምሬያለሁ፤ የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶና መግለጫ ራሱ ይሞላል።»

«መግለጫ ያልጻፍሽለት ዕቃ ቢኖርስ?»

«ለሁሉም ብዬ የጻፍኩትን ያወጣል።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»



«‹አባቴ የሠራው ነው። እኔም ያደግኩት እሱ በሠራው አልጋ ላይ ነው› ብዬ።»

አባትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እንግዲያው የራሱ ፎቶ ይውጣ፤ ለሕፃን አልጋው ግን ሌላ መግለጫ አትጻፊለት» አሏት።

«ወራጅ» ልል የከፈትኩትን አፌን መልሼ ዘጋሁት።