ከሶፋው ጀርባ የተቀመጠው ድምፅ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የፈተና ወረቀት ሳርም ቆይቼ ከትምህርት ቤት ስመለስ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ቆሞ ነበርና ደረጃውን በእግሬ ተያያዝኩት። እኔ የምኖርበት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከበላዬ የሚኖሩት አዛውንት አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት በር ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩና ችሎት ሲያስከብሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሕንፃው ነዋሪ «ጋሽ ጸጥታ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው፤ አሁን ግን ሰው የሚስቅበት በሌላ ምክንያት ነው፤ ከሕንፃው ሁሉ እንደ እርሳቸው ቤት የሚጮኽ የለምና።

«መምህር፣ እግዜር ነው የላከህ። አንዱን ጫፍ ያዝልኝ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ድምፅ ማጉያ። ያለኝ አላዳረሰም።»

ልጃቸው አምና ትልቅ ቴሌቪዥን ከነአምስት ድምፅ ማጉያውና ወፍራም ድምፅ ከሚያወጣው ቤዙ ጋር፣ ሙሉ የቤት ሲኒማ፣ እንደ ገዛላቸው አውቃለሁ። ያ ሁሉ እንዴት አነሰ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለእኔማ ይበቃኛል። ባለቤቴ ናት። ጆሮዋ ከድቷታል። ሰው ሲናገር ‹ምን አለ?› ትለኛለች፤ እጨምራለሁ። ደግማ ‹ምን አለ?› ትለኛለች። አንድ ቀን እንግዳ ባለበት ‹ደንቁረሻል› አልኳት። ከዚያ ወዲህ እኔን ሳሎን ትታ ወጥ ቤት ተቀምጣለች።» የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ ያ የችሎት ድምፃቸው ወረደ። «አርባ ዓመት አብረን አምሽተናል። አሁን ብቻዬን ነኝ።»

ይህን ስሰማ ሴትዮዋ በደረጃው ላይ ሳገኛቸው ለምን አንገታቸውን ደፍተው እንደሚያልፉኝ ገባኝ። እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር።

ይህን ስንባባል ከአዛውንቱ ቤት ልክ ሥር ያለው በር ተከፈተ፤ የእኔ ጎረቤት መሆኑ ነው። እዚያ የምትኖረው ወጣት በሆስፒታል የጆሮ ምርመራ ባለሙያ ናት። ሰላምታ ሰጥታን ካርቶኑን አየችው።

«ጋሼ፣ ይህም ከጣሪያዬ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

«ልጄ፣ ለአንቺ ጣሪያ ይሁን እንጂ ለእኔ ወለል ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። ትናንት የፊልምዎ ጦርነት ሲጀመር ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ ሲንጫጩ ነበር። የገረመኝ ጦርነቱን ሁሉ እየሰማሁ ከንግግሩ አንድ ቃል አለመስማቴ ነው።»

«ቃል ካልተሰማ ይጨመራል። እኔ ያደግሁበት ሙያ ነው። ባለጉዳይ ካልሰማ ጮኼ እደግመዋለሁ።»

«ከመጥራትዎ በፊትስ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አስቀድሜ ጸጥታ አስከብራለሁ። ከዚያ ከበሩ ወጣ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሬ እጠራለሁ።»

«መዝገብ ቤት ገብተው፣ በር ዘግተው፣ አፍዎን በመሐረብ ሸፍነው ቢጠሩስ?»

«አሾፍሽብኝ።»

«አላሾፍኩም ጋሼ። ካርቶኑ ሳይከፈት ቤትዎን አንድ ጊዜ ልየው።»

እኚህ ሰው በር ላይ የቆመ እንግዳ የሚመልሱ አይደሉም። ካርቶኑን ተጋግዘን አወጣንና ከደጃፉ አቁመን ገባን። የሳሎኑ ወለል ያብረቀርቃል፤ ምንጣፉ እንዳያልቅ ተብሎ ተጠቅልሎ በር ኋላ ቆሟል። ስንነጋገር ድምፃችን ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይመለስብን ነበር።

የቤቱ እመቤት ከወጥ ቤት ብቅ ብለው በአንገታቸው ሰላም አሉንና ሊመለሱ ሲሉ ወጣቷ፣ «እትዬ፣ ከፈቀዱልኝ እዚህ ይቀመጡ» አለቻቸው። በልብስ ስፌት የኖሩ ሴት ናቸው፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። እርሷ ከኋላቸው ቆመች፤ አንድ ጆሯቸውን በጣት አስደፍና በሹክሹክታ ሦስት ቃል ተናገረች። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ አልሰማኋትም።

«መርፌ፣ ስድስት፣ መስኮት» አሉ ሴትዮዋ።

በሌላውም ጆሮ ሌላ ሦስት ቃል ደገመችላቸው፤ አንዱንም አልሳቱም።

«ይህ ሙሉ ምርመራ አይደለም። ሰኞ በመሣሪያ እናየዋለን» አለች ወጣቷ። «ግን ሹክሹክታ የሚሰማ ጆሮ ደነቆረ አይባልም።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ብቻ እያዩ፣ «ሰባት ወር» አሉ። «ሰው አናግሮኝ ሳልሰማ ብቀር ብዬ ሰባት ወር ከሰው ሸሸሁ።»

ጋሽ ጸጥታ አንዴ ሚስታቸውን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን ተመለከቱ። ወጣቷ እንደ ልማዳቸው አድርገው እንዲከፍቱት ለመነቻቸው። ከፈቱ። አንድ ባልና ሚስት ማድ ቤት ቆመው ይነጋገራሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን በርሜል ውስጥ የሚንከባለል ድንጋይ የመሰለ ነገር ነው።

«ሰውዬው ምን አለ ጋሼ?»

«አልሰማሁትም» አሉ አዛውንቱ።

«ከዚህ በፊትስ?»

«ከፊታቸው እየገመትኩ ነበር የማየው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በዚያ ቤት ሁለቱም አልሰሙም ነበር፤ አንዷ «ምን አለ?» ብላ በቅንነት ጠየቀች፣ ሌላው የገባው መስሎ ተቀመጠ። ፍርዱ ያረፈው በጠየቀችው ላይ ነው። ያውም ሠላሳ አንድ ዓመት የሁለት ወገን ቃል ሲሰማ ሲያዩ በኖሩ ሰው እጅ።

ወጣቷ ድምፅ ማጉያዎቹን ቆጠረች። ሁለቱ ረጃጅሞች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ሁለቱ ከኋላ ከመደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ቤዙ ከማዕዘን ተወትፏል።

«ትንሹስ የት ሄደ?»

«ከሶፋው ጀርባ።»

«ለምን?»

«ትንሽ ነዋ። ከፊት የሚቆመው ታላቅ ነው፤ ታናሽ ከኋላ ይቀመጣል።»

ተንበርክካ ጎትታ አወጣችው። ከፋብሪካ እንደ መጣ ላስቲኩ አልተቀደደም።

«ጋሼ፣ በፊልም ውስጥ ሰው የሚናገረው አብዛኛው የሚወጣው በዚህ ነው። ትልልቆቹ ሙዚቃና ግርግር ነው የሚያሰሙት። ሪሞቱን ሲጨምሩ ግርግሩም አብሮ ይጨምራል፤ ንግግሩ ደግሞ ከሶፋ ጀርባ ታፍኖ ይቀራል።»

«ይህች? የጫማ ሳጥን የምታህል?»

«አፍስ ከሰውነታችን ስንት እጅ ነው?»

አዛውንቱ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጡም። ላስቲኩ ከተቀደደ አቧራ ይገባል፤ ምንጣፉ ከተነጠፈ ያልቃል፤ ዕቃ በጥንቃቄ ነው የሚኖረው አሉ።

«የሚጠብቁት ዕቃውን ነው ወይስ ዕቃው የተገዛበትን ጉዳይ?» አለች ልጅቷ። «ከእትዬ ጋር ለማምሸት ነበር የተገዛው። ዕቃው አዲስ እንደ ሆነ አለ፤ ምሽቱ ግን አለቀ።»

«‹ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል› ስንል ኖርን። ያበላሸሁት በአያያዜ ነው» አሉና ጋሽ ጸጥታ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው። ላስቲኩን ራሴ ልቅደደው።»

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ትንሹን ከቴሌቪዥኑ ሥር ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥነውና ፊቱ ወደ ተቀማጩ ቀና እንዲል ከሥሩ ሁለት ቁራጭ እንጨት አስገባን። ምንጣፉን አነጠፍን፤ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ወዲያው ረገበ። ቤዙን ከማዕዘኑ አውጥተን ኃይሉን ቀነስን። ወጣቷ በሪሞቱ የትንሹን ድምፅ ብቻ ጥቂት ከፍ አደረገች፤ የጮኸውን የሚያወርድና ያነሰውን የሚያነሣ ቁልፍም አሳየቻቸው። አርባ ስምንት የነበረው የድምፁ ቁጥር ሃያ ሁለት ላይ ቆመ።

ፊልሙ እንደ ገና ተከፈተ። ሰውዬው ሚስቱን፣ «ቁልፉን የደበቅኩት አንቺ ፈልገሽ የማታገኚበት ቦታ ነው፤ አሁን እኔም አላገኘሁትም» አላት።

ከሁላችን ቀድመው የሳቁት ሴትዮዋ ናቸው።

አዛውንቱ ሪሞቱን አስቀምጠው፣ ዳኛ ሲገባ እንደሚደረገው ብድግ አሉ። «ደንቁረሻል ብዬሻለሁ። ፍርዱን ሽሬዋለሁ።»

«ይግባኝ ሳልል?» አሉ ሴትዮዋ። ቀጥለውም ሳቁን ትተው፣ «ያን ጊዜ እንግዳ ባለበት ነበር የተናገርከኝ። አሁንም እንግዳ አለ» አሉ።

«ይቅር በይኝ» አሉ ጋሽ ጸጥታ፣ እኛ እየሰማን።

ካርቶኑ ሳይከፈት ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሰኞ በተደረገው ምርመራ የሴትዮዋ ጆሮ ቀጭን ድምፅ ላይ ብቻ፣ እንደ ዕድሜያቸው፣ ጥቂት እንደ ቀነሰ ታወቀ፤ በየዓመቱ እንዲታዩ ተነገራቸው፤ እርሳቸውም ይህን ለጎረቤት ሲናገሩ አያፍሩም። በደረጃው ላይ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እርሳቸው ናቸው። የወጣቷም ብርጭቆዎች ዐርፈዋል። አንባቢዬ ሆይ፣ ንግግር አልሰማ ሲልህ ከመጮኽህ በፊት ግርግሩን አብርድ፤ የሚናገረውን ከታፈነበት አውጣና ፊቱን ወደ ሰሚው አዙር። ይህን ሁሉ ሳታደርግ የማንንም ጆሮ አትውቀስ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከእነ ጋሽ ጸጥታ የተዋስኩትን መዶሻ ልመልስ ሄድኩ። ፊልሙ ሊጀመር ነው፤ አዛውንቱ ሳሎን፣ ሚስታቸው ወጥ ቤት ነበሩ። ጋሽ ጸጥታ አልጮኹም። ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ በር አዙረው የሚስታቸውን ስም ቀስ ብለው ጠሩ። ይህን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን ያን ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መጣሁ» አሉ ሴትዮዋ።