ነጭ ክር በሰማያዊ ቀሚስ

— ሄሎ... ማነው?... ሄሎ!

ልብስ ሰፊው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሸጉጦ፣ እግሩን ከማሽኑ ፔዳል ሳያነሳ ነው የመለሰው። ፊቱ ያለው ሱሪ ለማታ የተቀጠረ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ቀጠሮ የተዛነፈ ዕለት ሰፈር የሚያምስ ሰውዬ ነው። ድምፁን ሲለየው ግን እግሩ በራሱ ጊዜ ቆመ።

— አንቺ ነሽ እንዴ?... ደህና ነኝ። አንቺስ?... ልጅቷም ደህና ናት። ጎረቤት ናት፣ ከልጆቹ ጋር እየተጫወተች... አይ፣ አሁን አልጠራትም። ምነው፣ በሰላም ነው? አንቺ በሥራ ቀን ደውለሽ አታውቂም።

ከወዲያ ጥግ ኮት የምትተኩሰው ታላቅ እህቱ ካውያውን እንደያዘች ጆሮዋን አቆመች። የደወለችው የልጅቷ እናት መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የወንድሟ ፊት ነግሯታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፊውና የልጅቷ እናት ከተፋቱ ቆይተዋል። እሷ ከአንድ ጎሚስታ ጋር ኑሮ ጀመረች፤ ሰውዬው ጎማ ሲቀጠቅጥ ውሎ ማታም እጁ የማያርፍ ነው። አንድ ጠዋት ፍንጭቷ የጣት ሰንበር ጉንጯ ላይ ይዛ ትምህርት ቤት ገባች። ፍንጭቷ የሚላት አባቷ ነው፣ የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ። አስተማሪዋ አይታ ዝም አላለችም፤ አባትም ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛዋም ወሰኑ፦ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትኑር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ጋ ትዋል፣ ጎሚስታው ግን እሷ ባለችበት ድርሽ እንዳይል። ሰኞ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ አለ።

— ምን አልሽ?... እስቲ ድገሚልኝ... እግዱ ይነሳ? ሰኞ አብረን ቀርበን «ተስማምተናል» እንበል?... ቆይ ቆይ። ይሄ የማን ሐሳብ ነው?... የራስሽ። እህ... እታለም፣ ካውያውን አንሺው፣ የሰው ኮት ልታቃጥይ ነው!... አይ፣ እህቴን ነው።

እህቱ ካውያውን አነሳችና፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችው። አባባሉን ትወደዋለች፤ ከምትወዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ከወንድሟ የቀድሞ ሚስት ስም ጋር ሲነሳ ደግሞ ይበልጥ ይጥማታል።

— አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው... ተለውጧል? ምኑ ነው የተለወጠው?... መጠጥ ትቷል። እሺ... ጸባዩም። ስሚ፣ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። እኛ እኮ እናውቀዋለን... አልሰደብኩትም! ጅብ አልኩ እንጂ የሱን ስም ጠራሁ?

 ስልኩን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘና ጆሮው ላይ ጠበቅ አደረገው።

— ቆይማ፣ ድምፅሽ ምነው ያስተጋባል? ስፒከር ላይ አድርገሽኛል?... እጅሽ እርጥብ ስለሆነ። ሳህን እያጠብሽ... አሃ። የሳህን ድምፅ ግን አይሰማም... ምንም፣ ዝም ብዬ ነው። ብቻሽን ነሽ?... ብቻሽን መሆንሽን ነው የጠየቅኩሽ... እሺ። ነኝ ካልሽ ነሽ።

አላመናትም። እነዚህ ሰዎች ዓመታት ጎን ለጎን ሁለት ማሽን ላይ ተቀምጠው ሰርተዋል፤ አነጋገሯን እንደ መቀሱ ድምፅ ያውቀዋል። አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላውን የምትጀምር፣ መሃል ላይ የምትስቅ ሴት ነበረች። ዛሬ ግን ቃላቱን ሰፍረው እንደሰጧት ሰው ነው የምታወራው። ሰፊው ይህን የሰማ ጊዜ ልቡ አንድ ነገር ብቻ ነገረው፦ እየዋሸችኝ ነው።

— ባለፈው ቅዳሜስ? ሰውዬው ቤት ነበር?... ድርሽ አላለም። ታዲያ ልጅቷ ለምን እንደዚያ ሆና መጣች?... ዝም ብላ ነዋ! ፍንጭቷ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ? መንገድ ላይ ድንጋይ አግኝታ የምታዋራ ልጅ... ደክሟት ነው?... አሁን ደግሞ ወድቃ ነው? የቱ ነው? ደክሟት ነው ወይስ ወድቃ ነው?... አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ።

ያን ቀን ማታ ልጅቷ ክንዱን ይዛ፣ «እማዬም እኛ ጋ ብትመጣስ?» ብላው ነበር። እሱ የተለመደ የልጅ ምኞት መስሎት ግንባሯን ስሞ አስተኛት። ይህን ለእናትየው አልነገራትም። ከፍቶት ስለነበር ለማንም አልነገረም።

— ምን?... የቱን ቀሚስ?... እ፣ ሰማያዊውን። አዎ፣ ቅዳሜ በልጅቷ እጅ በፌስታል አድርገሽ ልከሻል። እዚህ ሚስማር ላይ ነው... አላየሁትም፣ ሥራ በዝቶብኝ... እጥፋቱ እንዲለቀቅ፣ ገባኝ። አንቺ ግን ከትልቅ ጉዳይ ተነስተሽ ወደ እጥፋት ምን አመጣሽ?... እሺ፣ እሺ፣ አያለሁ። እታለም፣ ያንን ፌስታል አቀብዪኝ እስቲ።

ቀሚሱ የራሱ ሥራ ነው። ከደንበኛ የተረፈ ጥሩ ጨርቅ አግኝቶ፣ ለፍንጭቷ ልደት የሰፋላት። ልጅ ታድጋለች ብሎ ታች ወፍራም እጥፋት ትቶለታል። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሜትር ለካው። ልጅቷ ዛሬ ብትለብሰው ከጉልበቷ በታች ነው የሚያርፈው። ይባስ ጠረጠረ። ልብስ ሰፊ የነበረች ሴት ያላጠረ ቀሚስ ይርዘም ብላ ትልካለች?

— ሄሎ፣ አለሽ?... ቀሚሱ እኮ አላጠራትም... ገልብጬ ልየው? ምኑን?... እሺ፣ እየገለበጥኩ ነው። ምን ያስቸኩልሻል?

ገለበጠው።

ብብቱ ላይ እጅጌው ከአካሉ ተገንጥሎ ነበር። ልጅ ወድቃ እንዲህ አይቀደድም። ይህ ክንዷን ይዞ የጎተታት ሰው ሥራ ነው። ቀዳዳው በእጅ ተሰፍቷል፤ ያውም በድብቁ ስፌት። መርፌው ከውስጥ ከውስጥ እየሄደ ከውጭ ምልክት የማይተወውን ያን ስፌት፣ በተጋቡ ሰሞን ያስተማራት ራሱ ነው። በጥሩ ብርሃን ከውጭ ሲያየው እሱ እንኳ አልለየውም።

ደሙ ፈላ። ሰውዬው ቤት ነበር ማለት ነው። ልጄን ጎትቷል፤ እሷም እኔው ባስተማርኳት እጅ ሸፈነችለት። ይህንን አስቦ ሲጨርስ አፉ ቀድሞት ነበር።

— አንቺ ሴትዮ!...

እዚህ ላይ እህቱ አንገቷን አስግጋ ቀሚሱን አየች፤ አይታም በንቀት ከንፈሯን ነከሰች። ጣቷን ስፌቱ ላይ ቀስራ፣ ሌላ እጇን ወደ መቀሱ ሰደደች። የቀዳዳው ነገር አልነበረም ያስቆጣት። ክሩ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር፣ ጫፉም ሳይቆረጥ ረዝሞ የተንጠለጠለ፣ ቋጠሮው ባቄላ የሚያህል። እንዲህ ያለ ስፌት እዚህ ቤት አይቆይም።

ሰፊው ክሩን አየ። ቀሚሱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

የልጅቷ እናት ከክር ጋር ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ ክሩ ከጨርቁ ደመቅ አለ ብላ፣ የተጠናቀቀ ኮት አስፈትታዋለች። «ክሩ ካልተስማማ ልብሱ ይሰድበናል» ትል ነበር። ቀሚሱን ለሚያጥፈው፣ ፌስታሉን ለሚፈትሸው ሰው ከውጭ ምንም አይታይም። ገልብጦ ለሚያይ ሰፊ ግን ስፌቱ «ድረስልን» ብሎ እሪ ይላል።

— አይ... ምንም። ምንም አልሆንኩም... አንቺን አይደለም፣ እህቴን ነው የተቆጣሁት፣ መቀሱን... እታለም፣ አስቀምጪው! አትፍቺው አልኩሽ! እንዳትነኪው!... አለሁ። አለሁ፣ አትዝጊው።

ድምፁን አለሰለሰ። ደንበኛ የሚለካበት ድምፁ ነው።

— ስሚማ። እጥፋቱን እለቅላታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂበታለሽ። ሰማያዊ ክር አለኝ፣ ነጭም አለኝ። በየትኛው ልስፋው?

 ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ሳለ። ወፍራም፣ የወንድ ሳል ነበር። ሳህን ደግሞ አይስልም።

— ትሰሚኛለሽ?... በነጭ? በነጭ ነው ያልሽኝ?... እሺ። ነጭ።

 ስንት ቀን ሙሉ ከእህቱ ጋር ሲያማት፣ ሲረግማት ከርሟል። እሷ ደግሞ ያንን ሁሉ ቀን ይህ ቀሚስ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እንደቀረ ሳታውቅ ስትጠብቀው ነበር። አፈረ። ጠላሁ ብሎ ያመነው ልቡም እንደ ድሮው አዘነላት።

— ስለ ሰኞው... እሺ። እሺ ነው የምልሽ... አዎ፣ እቀርባለሁ። ተስማምተናል እላለሁ። የልጄ እናት አይደለሽ፣ ምን አደርጋለሁ... ቅዳሜም እልካታለሁ። ሲመጣ ንገሪው፣ ደስ ይበለው።

እህቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሰፊው ዓይኑን አፈጠጠባትና በምልክት ዝም አሰኛት።

— ቀሚሱን ግን እስከ ሰኞ አላቆየውም። ዛሬ ነው የምጨርሰው። ሰማሽኝ?... ዛሬ። ሱሪ አለ፣ ኮት አለ፣ ሁሉንም ትቼ እሱን ነው የምይዘው... አንቺ ሳህንሽን እጠቢ። በር በሩን እያየሽ... ሄሎ?... ሄሎ?

ተቋርጧል። ተዘግቶባት ይሁን እሷ ትዝጋው አላወቀም። መልሶ አልደወለም።

ይህን ጊዜ እህቱ ያፈነችውን ሁሉ ለቀቀችው። በዚያች ሴት ምላስ ተታለልክ፣ ልጅቷን ለአውሬ ሰጠሃት፣ እያለች ጮኸችበት። ሰፊው አልመለሰላትም። ቀሚሱን እንደተገለበጠ፣ ነጩን ክር ሳያስነካ አጥፎ ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለው። የማታውን ሱሪ ከማሽኑ ላይ አንስቶ ወዲያ አደረገው።

— እታለም፣ ካውያውን ንቀዪና ሱቁን ዝጊ። መጀመሪያ ፍንጭቷን እንይዛለን፣ ከዚያ ቀጥ ብለን ፖሊስ ጣቢያ... ሰምተሻል፣ እሺ ያልኩት ሰውዬው እንዲሰማ ብዬ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ነበር... ለልጅቷማ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለን። የቀረን ለእናቷ መድረስ ነው።