የጋሽ ሽቦ ራውተር

ሁለት ጎረቤታሞች ሳይፈላለጉ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ደጃፍ ላይ ተገጣጠሙ። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ የሰፈሩን መብራት ሲዘረጋ የኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም «ጋሽ ሽቦ» የሚለው ስም ያልለቀቀው ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው በአጥር የሚዋሰነው ብቸኛ መምህር ነው። ጋሽ ሽቦ ሰላምታውን ከአንገት በላይ መለሰ። በዚህ ሰው ላይ ክፉኛ ይቀና ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩቅ ከተማ ያለው የጋሽ ሽቦ ልጅ ወልዶ፣ ሕፃኑ ገና አፉን እየፈታ ነው። የጋሽ ሽቦ ባለቤት የልጅ ልጇን በቪዲዮ ለማየት መምህሩ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ዋይፋይ አለ። እነሱም ቤት ልጃቸው የላከው የዋይፋይ ራውተር አለ፤ ግን ቀይ መብራት ከማብራት በቀር ፋይዳ የለውም። «አንተም ና» ስትለው «የሰው ደጅ አልጠናም» ይላል፤ ሳቋ አጥሩን ሲሻገር ግን መስኮቱን ይዘጋል። በቅርቡ ደግሞ ሕፃኑ መምህሩን «አያዬ» ብሎ እንደጠራው እየሳቀች ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ምግብም እንቅልፍም እንቢ አለው።

መምህሩ በሽማግሌው እጅ ያለውን የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አየና ራውተሩ ሠራ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«የስልኩ ገመድ አጭር ሆኖ ሳሎን አልደርስ ቢለኝ ቆርጬ በአምፖል ሽቦ ቀጠልኩት። አሁን ደግሞ በደንብ ልጠቅልለው ነው» አለ ጋሽ ሽቦ። «መብራት ያሳለፈ ሽቦ ወሬ ማሳለፍ ያቅተዋል?»

መምህሩ አልሳቀም። «ጋሼ፣ በመብራት ሥራ እርስዎን የሚያህል የለም። ይሄ ግን ሌላ ነው። የመብራት ኃይል በደንብ በተጠመጠመ ሽቦ ያልፋል፤ መልእክት ግን ስስ ነው፣ እንዲህ ያለ ቅጥያ ያበላሸዋል። ገመዱ ካጠረ ለሱ የተሠራውን ረጅሙን መግዛት ነው፤ አለዚያ ራውተሩን ወደ ስልኩ ሶኬት ማስጠጋት።»

«እርስዎማ ምን ጎደለብዎት? ዋይፋይ አለዎት። ሚስቴ እርስዎ ቤት ትስቃለች፣ የልጅ ልጄም አያዬ ይልዎታል።»

ተናግሮ ሳይጨርስ አፈረ። ቅናት ደብቀው ያኖሩትን ሁሉ ገበያ ላይ የሚዘረግፍ ክፉ ዕቃ ነው።

መምህሩ ግን፣ «ሕፃን ያየውን ነው የሚጠራው፣ ጋሼ» አለ። «እርስዎን አይቶ ያውቃል?»

ሽማግሌው ወደ መደብሩ ገባ። ናስትሮውን መልሶ በምትኩ ረጅሙን ገመድ ገዛና አብረው ወደ ቤት ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ሌላም ጉድ ተገኘ። ጋሽ ሽቦ የስልኩን መስመር ከራውተሩ ጀርባ ካሉት አራት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክቶት ኖሯል፤ እነዚያ ለኮምፒውተር ናቸው። የመስመሩ ቦታ ለብቻው ያለው፣ ቀለሙ የተለየው ቀዳዳ ነው። የኃይል ገመዱም ከራሱ ከራውተሩ ጋር የመጣው መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በካርቶኑ ውስጥ በሥዕል ተገልጿል፤ ግን ባለሙያ ነኝ ባይ ሥዕል አያይም። አባቶች ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው። ገመዱ በቦታው ሲገባ አረንጓዴው መብራት በራ፤ ባለቤቱም እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ያን ዕለት ሕፃኑ ጋሽ ሽቦን አይቶ ፊቱን በእናቱ ጉያ ደበቀ። ሽማግሌው ግን አልተቀየመም፤ በማግስቱም፣ በሳልስቱም ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ውሎ አድሮ ባለቤቱ ቤቷ ሆና ትስቅ ጀመር። እሱም ከሐኪሙ ጋር መንገድ ሳይሄድ ይነጋገራል፣ የጡረታ ጉዳዩን ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጨርሳል። ገመድ ሊቆርጥ መቀስ ያነሳ ጎረቤት ሲያይም «ቆይ፣ መጀመሪያ ሥዕሉን እንይ» የሚለው እሱ ነው። አለማወቅ በመጠየቅ ይድናል፤ ቅናት ግን የጠያቂውን አፍ ይለጉማል።

አንድ ቀን መምህሩ ሊጠይቃቸው ጎራ ብሎ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ሕፃኑ አፍጥጦ አየውና አያቱን፣ «አያዬ፣ ይሄ ማነው?» አለው።

መምህሩ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ፊቱ ግን እንቢ አለው። የጋሽ ሽቦ ባለቤት መምጣት ከተወች ወዲህ የእሱ ቤት ከሰዓት በኋላ ጭር ብሏል። ጋሽ ሽቦ ያንን ፊት አሳምሮ ያውቀዋል፤ የራሱ ፊት ነበር። ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለትና ሌላ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።