ቃሉ የክንፉ ነው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሶባና ከሰሃፋ ሰፈሮች የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የክንፉ ተማሪዎች ሁሉ፤ በዚህ ፀሐይ በቀብሩ ላይ ስለቆማችሁለት እግዜር ይስጥልን። ሳምሶን እባላለሁ። በስደተኞች ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። የአስተርጓሚን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ከሰው ቃል ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያለቅስም። ዛሬም በዚያው ደንብ ልናገር።

ክንፉ ማን ነበር? ሰሃፋ ውስጥ በአንዲት ቆርቆሮ ክፍል ጁምዓ ጁምዓ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እሱም እንደ ሌላው ስደተኛ፤ እሱም እንደ ሌላው ካናዳን የሚጠብቅ። ነጠላ ቃል አያስተምርም። «ግስ ብቻውን መንገድ አይወጣም» ይላል። «ሉክ ማየት ነው። አፍተርን አስከትሉት፤ መንከባከብ ይሆናል። ያላ፣ ድገሙ!» ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ሲሠሩ የከረሙ የወሎ ልጆች ናቸው። ደክሟቸዋል፤ ግን ይደግማሉ።

አንድ ጁምዓ ስለ ማምለጥ አስተማረ። እንግሊዞች ለጥቂት ሲተርፉ «በጥርሴ ቆዳ አመለጥኩ» ይላሉ አላቸው። ይቺ እዚህ የቆመችው ሉጥፊያ እጇን አወጣች።

«ኡስታዝ፣ ጥርስ ደግሞ የምን ቆዳ አለው?»

«እኔ ምን አውቄ ሉጥፍዬ፤ እነሱን ጠይቂያቸው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባባሏ ግን በሁሉም ልብ ቀረች።

ከዚያስ? የካናዳው ቃለ መጠይቅ ደረሰ። ሉጥፊያ ገባች፤ ድንበሩን እንዴት እንዳለፈች ተጠየቀች። «ባይ ዘ ስኪን ኦፍ ማይ ቲዝ» አለች፣ ኮራ ብላ። በሽር ገባ። እሱም በጥርሱ ቆዳ። ስንቅነሽ ገባች። እሷም በጥርሷ ቆዳ። ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ታሪክ ማን አስጠናችሁ?» አለች። ተረጎምኩ። የሁሉም ጉዳይ ታገደ።

ክንፉ ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? የራሱ ጉዳይ አልቆ በረራ ብቻ ነበር የቀረው። ጠዋት ከሱቅ ዐረቢ ገበያ በሐፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ ተሳፍሮ መጣ። ጠያቂዋ ፊት ተቀመጠ። ያን ሁሉ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በአማርኛ ተናገረ።

«ቃሉ የእኔ ነው፤ ፍርሃቱ የእነሱ ነው» አለ።

ተረጎምኩ።

«ሰው ማስጠናት የራስህን ፋይል እንደሚያስዘጋ ታውቃለህ?» አለችው።

ተረጎምኩ።

«አውቃለሁ» አለ። ይቺንም ቃል ተረጎምኩ።

ልጆቹ እንደገና ተጠሩ። የየራሳቸውን ፍርሃት በየራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ አለፉ። የእሱ ተዘጋ። በማግስቱ ጁምዓ ነበር፤ አስተማረ። ወባ እስኪጥለው ድረስ አስተማረ። ሉጥፊያ እሑድ ትበራለች፣ ኢንሻላህ።

ክንፉ፣ ደንቤን አንድ ጊዜ ልጣስ። እወድህ ነበር። ሳልነግርህ ሄድክ።

ዛሬ ጠዋት አስከሬንህን ስናወጣ ሰው ሁሉ «ወይ ክንፉ፣ ካናዳ ለጥቂት አመለጠችው» ሲል ሰማሁ። ይህችን አልተረጉማትም። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ለጥቂት አልነበረም። አውቀህ ነው የቀረኸው።

ደህና ሁን፣ ኡስታዝ።