ልጆቹ ያልተጠሩበት እርቅ

አቶ ወልደአማኑኤል በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ጋሪ የተሳፈሩት ሰው እንዳያያቸው ብለው ነበር። ናዝሬት ውስጥ ግን ከሰው ዓይን ለማምለጥ ጋሪ ላይ መውጣት ዘበት ነው። ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር ጣቢያ ቲኬት የቆረጡ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የእድር ዳኛ የሆኑና የሰፈሩ ጠብ ሁሉ እደጃቸው መጥቶ የሚበርድላቸው ሰው ደግሞ ጭራሽ ሊያስቡት አይገባም። ጋሪው ገና ሊነቃነቅ ሲል ነጭ ገዋን የለበሰች ሴት “ቆይ ወንድሜ!” እያለች ሮጣ ደረሰችና አጠገባቸው ዱብ አለች። የከባድ መኪና ሾፌሩ የራህመቶ ልጅ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ዙለይካ ናት።

አዛውንቱ የኮታቸውን ኪስ በእጃቸው ሸፈኑ። ኪሱ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ወደ ቤት የሚወስዱት ፋሻ፣ አልኮልና የቁስል ቅባት ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው ተክለሃይማኖት ጭኑን ተወግቶ ጓዳ ከተኛ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ማን እንደወጋው ልጁ ትንፍሽ አላለም። ታላቅ ወንድሙ ግን ስሙን እንዲነግረው በየቀኑ ይጨቀጭቀዋል። ስሙን ለምን እንደፈለገው ለአባትየው አልጠፋቸውም።

“እንደምን አደሩ አባባ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አባትሽ እንዴት ነው? አሁንም አሰብ ይመላለሳል?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። እኔማ እቤትዎ ድረስ ልመጣ ነበር። እግሬን አተረፉልኝ!”

“እቤቴ?” አሉ ደንገጥ ብለው። “ምን ልትሠሪ?”

“የልጆቹ መወጋጋት ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ የፖሊስ ጣቢያው መቶ አለቃ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርና እኛ የጤና ጣቢያ ሰዎች በአንድነት ልንቀመጥ ተስማምተናል። እርስዎ ከሌሉበት ግን ስብሰባው ከወሬ አያልፍም። ልጁ የተወጋበት ሰው ሁሉ ልጁን ደብቆ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እርስዎ ነውና።”

አቶ ወልደአማኑኤል በዚህ ንግግር ደስም አላቸው፣ ፈሩም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና የዳኝነት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሁሉ ቀና አሉ።

“ስሚኝ ልጄ፤ የልጅ ጠብ የቤት ገመና ነው። እኛ ሽማግሌዎች አባትና አባትን እናገናኛለን፣ ይቅር ለእግዜር እናባብላለን፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ነጭ ገዋንም መለዮም የሚገባበት አይደለም።”

“መቼ አለቀና አባባ! ባለፉት ሦስት ወራት ሃያ ሦስት ልጅ ሰፍተናል። አምስቱ አባቶቻቸው ታርቀው ያበቁ ናቸው። አንዱን እኔው ራሴ ሁለት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ።”

“እሺ ይሁን። ለቀበሌው ተነገረ እንበል። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሲመጣ አስቸጋሪ የተባለውን ልጅ አስቀድሞ መኪና ላይ ይጭነዋል። ለፖሊስ ተነገረ እንበል። ልጁ ከእስር የሚወጣው ከገባበት ብሶ ነው። ደግሞ…” ወደ ጋሪ ነጂው ወደ ገመቹ ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስም ዝርዝር ምን እንደሚያመጣ ይህች ከተማ ታውቃለች። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ። የወንድሜን ልጅ በስልሳ ዘጠኝ ስሙን ከወረቀት አንብበው ወሰዱት። እንደወጣ ቀረ። እና አሁን እኔ በገዛ እጄ የልጆች ስም ልስጥ?”

እዚህ ላይ አዛውንቱን ኋላ ቀር ብሎ መሳቅ ግፍ ነው። ብዙ የተማረ ሰው ሽማግሌ ሲከራከረው ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ይፈርድበታል። ሲስተር ዙለይካ እንዲህ አልነበረችም። ከቦርሳዋ አንድ ባለ መስመር ደብተር አወጣች።

“የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ከእርስዎ ያላነሰ እፈራለሁ። እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ።”

መነፅራቸውን አጠለቁ። ገጹ በሦስት ተከፍሏል፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ በምን። ደጋግመው ገለጡት።

“ስማቸውስ?”

“የለም። የካርድ ቁጥርም የለም። ቢፈልጉ እስከ መጨረሻው ያገላብጡት። አሁን ‘የት’ የሚለውን ወደ ታች ያንብቡልኝ።”

“ከጋራዦቹ ጀርባ… ከጋራዦቹ ጀርባ… ገበያ… ከጋራዦቹ ጀርባ…”

“ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ እዚያች ቀጭን መንገድ ላይ ነው የተወጉት። ሰዓቱንም ይዩ፤ ሁሉም በስድስትና በሰባት ሰዓት መካከል ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ፣ የሁለት ሰፈር ልጆች እዚያች ጠባብ ቦታ ይጋጠማሉ። በምን ተዋጉ? ጋራዦቹ ውጭ በሚጥሉት የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ፤ ድንጋይ ላይ ይስሉትና ካራ ያደርጉታል። አሁን አባባ፣ ዳይሬክተሩ አንዱን ፈረቃ በግማሽ ሰዓት ቢያዘገየው፣ ጋራዦቹ ብረታቸውን ቢቆልፉበት፣ ፖሊሱ ሌሊት በር ከመደብደብ ይልቅ በቀትር እዚያች መንገድ ላይ ቢቆም፣ ቀበሌው አዳራሹን ለጠረጴዛ ቴኒስና ለቼዝ ቢከፍትላቸው… ለዚህ ሁሉ የማን ስም ያስፈልጋል?”

አቶ ወልደአማኑኤል ገጹን እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡት።

“እኛ የት እንደሚወጉ እናውቃለን” አለች ነርሷ። “ማን ከክፍል እንደሚቀር ዳይሬክተሩ ያውቃል። ማን ከማን እንደተቀያየመ እርስዎ ያውቃሉ። ፖሊስ ከአሥሩ አንዱን ቢሰማ ነው። ሁላችንም የምናውቀውን በየኪሳችን ይዘን ተቀምጠን ልጆቹ ይተላለቃሉ።”

ኪስ የሚለውን ሲሰሙ አዛውንቱ እጃቸውን ይበልጥ ጫኑት። ጋሪው የባቡር ሐዲዱን ተንገጫግጮ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ፣ ዓይናቸውን ከፈረሱ ጀርባ ሳይነቅሉ፣ ድንገት የመጣላቸው በማስመሰል እንዲህ አሉ፦

“ለመሆኑ በዚህ በባሌስትራ የተወጋ ልጅ… አንድ የጎረቤት ልጅ ነው… ቁስሉ ደህና እየደረቀ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አንገቴን ያዘኝ፣ ዳቦ ማኘክም አቃተኝ ይላል። ብርድ ነው፣ አይደል?”

የሲስተር ዙለይካ ፊት ተለዋወጠ። “አይደለም አባባ። መንጋጋ ቆልፍ ይመስላል፤ ይገድላል። በሰዓት የሚቆጠር ነገር ነው። ቤቱ የት ነው?”

አቶ ወልደአማኑኤል ፋሻውን ከኪሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

“አባባ፣ የማን ልጅ ነው?”

“የእኔ” አሉ። “የእኔው ተክሌ ነው። ዘጠኝ ቀን ደበቅሁት። ጭነው ይወስዱብኛል ብዬ ደበቅሁት!”

“ያ ረቢ!” አለ ገመቹ፤ ለካስ ሁሉንም ሲሰማ ኖሯል። ማንም ሳያዘው በአቋራጭ ወደ አዛውንቱ ቤት ታጠፈና ፈረሱን በአለንጋ ጠቅ አደረገው። “ጠበቅ አድርገው ይያዙ አባባ!”

ልጁ በዚያው ጠዋት ሆስፒታል ገባ። ሲስተር ዙለይካ አባትየውን አልዋሸቻቸውም። “ስሙ በሕክምና ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም” አለቻቸው። በደብተሯ ላይ ግን በፊታቸው የጻፈችው “ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በባሌስትራ” የሚል ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ መነፅራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡት። ቢያምኗትም ማረጋገጡን አልተዉም፤ ደግ አደረጉ።

ተክለሃይማኖት በጨለመ ክፍል ውስጥ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ሰውነቱ እንደ እንጨት እየተገተረ፣ ሁለት ሳምንት ከሞት ጋር ተናነቀ። በሦስተኛው ሳምንት ሾርባ ዋጠ። አቶ ወልደአማኑኤል በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወደ ስብሰባው ለመሄድም የወሰኑት እዚያው ነው።

ስብሰባው እሳቸውን ሲጠብቅ ቆይቶ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ በቀበሌው አዳራሽ ተደረገ። ከሆስፒታል የወጣውን ተክለሃይማኖትንና ታላቅ ወንድሙን ይዘው የመጡት አዛውንት ገና ሳይጀመር ተነሡ።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ እዚህ የሚነገረው ለውትድርና ምልመላ እንዳይቀርብ፣ የማንም ልጅ ስም ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ይህ ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ የተወጋ ልጅ የደበቀ አባት በእኔ ሸንጎ አይዳኝም።”

ሊቀ መንበሩ ራሱን አከከ፣ መቶ አለቃውን አየ። መቶ አለቃው “እኔ የምፈልገው የሚወጋ እንዳይኖር ነው” አለ። ሊቀ መንበሩም እያጉረመረመ ፈረመ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ኦቦ ጆቴ የሚባሉ የጋራዥ ሠራተኛ ከልጃቸው ከቀነዓ ጋር ተነሡ። ቀነዓ፣ ተክለሃይማኖት ሊሞት ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የወጋው እሱ መሆኑን ለአባቱ ተናዞ ነበር። የተክለሃይማኖት ታላቅ ወንድም ከተቀመጠበት ሊነሣ ሲል አባቱ ክንዱን ያዙት። ከዚያም እንደ ልማዳቸው ወደ ኦቦ ጆቴ ተራምደው እጃቸውን ዘረጉ።

“ጆቴ፣ እኔና አንተ እዚሁ እንጨርሰው። ይቅር ብዬሃለሁ።”

ኦቦ ጆቴ እጃቸውን ሊጨብጡ ሲሉ ቀነዓ ተናገረ።

“አባባ፣ አምና እኔም ጎኔን ተወግቼ ነበር። ያስታረቁት እርስዎ ነዎት። አባቴና የወጋኝ ልጅ አባት ተሳሳሙ። እኔ ደጅ ቆሜ ነበር፤ ማንም አልጠራኝም። በነጋታው የወጋኝ ልጅ እዚያው መንገድ ላይ ጠብቆ ሳቀብኝ። ብረት መያዝ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ተክሌ ምንም አላደረገኝም። እጁን ኪሱ ሲከት ጊዜ ሊቀድመኝ መሰለኝ።”

“እስክሪብቶ ላወጣ ነበር” አለ ተክለሃይማኖት፤ ከሕመሙ በኋላ ድምፁ ገና አልጠነከረም።

የአቶ ወልደአማኑኤል እጅ በአየር ላይ ቀረ። ስንት እርቅ እንዲህ እንደጨረሱ፣ ስንት ልጅ ደጅ ቆሞ እንደቀረ አሰቡ። ቀስ ብለው እጃቸውን ከኦቦ ጆቴ ወደ ልጁ አዞሩ።

“አንተንም በድያለሁ ልጄ” አሉት። “ና፣ ከተክሌ ጎን ተቀመጥ። ዛሬ እናንተ ተናገሩ፣ እኛ እንሰማለን።”

ሁለት ሰዓት ያህል ልጆቹ ተናገሩ። ታላቅ ወንድምየውም የሆዱን ተናገረ፤ ተቆጣም፣ አለቀሰም። ሲወጣ ግን ከቀነዓ ጋር እየተነጋገረ ነበር።

አንባቢዬ ሆይ፣ የመደማመጥን ጥቅም ከዚህ ተመልከት። ፈረቃው በግማሽ ሰዓት ተለየ። ጋራዦቹ ብረታቸውን ቆለፉ፤ ቀነዓንና ሌሎች አራት ልጆችንም ለሥራ ልምምድ ወሰዱ። በቀትር አንድ ፖሊስ ያለ ጠመንጃ እዚያች መንገድ ላይ መቆም ጀመረ፤ ሰነባብቶም የልጆቹን ኳስ የሚይዝላቸው እሱ ሆነ። በተከታዮቹ ሦስት ወራት በሲስተር ዙለይካ ደብተር ላይ የሰፈሩት አራት መስመሮች ብቻ ናቸው። አራትም ብዙ ነው፤ ከሃያ ሦስት ጋር ሲተያይ ግን አሥራ ዘጠኝ እናት በሰላም አድራለች ማለት ነው።

በሐምሌ ወር አንድ አባት የጎረቤቱን እጅ ይዞ እነአቶ ወልደአማኑኤል ቤት መጣ። ልጆቻቸው ተፈናክተዋል።

“የቁስሉ ነገር አያሳስብዎ፣ ጤና ጣቢያ ታይቷል” አለ ሰውዬው። “እኛ እንግዲህ ተስማምተናል። ይቀመጡና ይመርቁን፣ በመካከላችን እንጨርሰው።”

“ልጆቹስ?”

“ከውጭ ናቸው። የልጅ ነገር ምን ይሠራልዎታል? ይቀመጡ እንጂ!”

“እነሱ ሳይቀመጡ እኔ አልቀመጥም” አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አደረጉ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት፤ ልጆቹ ገብተው እስኪቀመጡም ድረስ ቆመው ጠበቁ።