በሁለት እጅ የተሰጠች ኳስ፦ የመምህር ወንዳወቅ ያረጋል ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከቡሬ፣ ከሽንዲና ከጅጋ የመንገዱ ነገር ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ወዳጆች ሁሉ፤ የአጎቴን ልጅ የመምህር ወንዳወቅ ያረጋልን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ እኔን እንዳለውን ሲያዘኝ «አደራ፣ አሳጥረው» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ፤ ነገር ግን የእሳቸው ዕድሜ ከኳስ ጋር የተጠላለፈ ነውና አንዱን ስስበው ሌላው እየመጣብኝ ተቸግሬያለሁ፤ ታገሡኝ።

መምህር ወንዳወቅ ከአባታቸው ከአቶ ያረጋል ንብረትና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም እንድሪያስ በወንበርማ ወረዳ፣ ከሽንዲ አለፍ ብላ በምትገኝ መንደር በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሽንዲ ጨረሱ። አባታቸው በሁሉም ነገር ገር ሰው ሲሆኑ በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ለታላቅ የሚሰጥ ነገር፣ ዋንጫም ይሁን የማገዶ እንጨት፣ ጎንበስ ተብሎ በሁለት እጅ ካልተሰጠ እንደ ተወረወረ ይቆጥሩት ነበር። እኛም የቤቱ ልጆች ይህን ሥርዓት የተማርነው በምክር ብቻ አልነበረም፤ አርጩሜም ነበረበት።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቡሬ ገብተው፣ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአገር ቤት ስንቅ እየተሸከሙ ሲማሩ ሳለ ነው የዕድሜ ልክ ነገራቸውን ያገኙት። በከተማዋ ዳር የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበረ። መሐንዲሶቹ ለራሳቸው መዝናኛ ብለው ያስጠረጉት የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ፣ ሥራው አልቆ ሲሄዱ፣ ካረጁ ራኬቶች ጋር ለካምፑ ስኳርና ሻማ ያቀርብ ለነበረ አንድ የነጋዴ ልጅ ቀረ። ያ ልጅ ዛሬ በመካከላችን ያሉት ሐጂ ኑርሁሴን ናቸው። በዕድሜ ጥቂት ዓመታት የሚበልጡት ሐጂ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻቸውን መጫወት ሰልችቷቸው ነበርና፣ አጥሩን ተደግፈው የሚያዩትን ተማሪ ጠርተው ራኬት አስያዟቸው። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንደሚባለው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ወንዳወቅን ከራኬት የለየ ሰው አልተገኘም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት መጀመሪያ በጅጋ፣ ኋላም ጡረታ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ በፍኖተ ሰላም ሲያገለግሉ፣ በከተማው ጫፍ ማንም የማይፈልገውን ድንጋያማ ቦታ ለምነው ሜዳ አደረጉት። በርሜል ድንጋይ ሞልተው በጋሪ ፈረስ እያስጎተቱ ቀዩን አፈር ደመደሙ፤ መስመሩን በኖራ አሰመሩ፤ መረቡን በቃጫ ጠለፉ። እኛ ዘመዶቻቸው «እህል የማይወቃበት አውድማ» እያልን አፌዝንባቸው፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ውሃ ያርከፈክፉበት ነበር። በዚያ አውድማ ላይ ስንት ልጅ እንዳደገ ዛሬ እዚህ የቆማችሁት ታውቁታላችሁ።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ አቻምየለሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሠርክአዲስን፣ ይታገሱንና ሀኒን አፍርተዋል። ወይዘሮ አቻምየለሽ «እኔን ያገባኝ ከሜዳው በተረፈው ጊዜ ነው» እያሉ ቢያሟቸውም፣ የመረቡን ቀዳዳ ሲጥፉ ግን እኔ ራሴ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

ሁለቱ ወዳጆች በየዓመቱ፣ ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ፣ አንድ ዓመት ቡሬ፣ አንድ ዓመት ፍኖተ ሰላም እየተገናኙ ይጋጠሙ ነበር። ከሁለቱም ከተማ ሕዝብ በአይሱዙና በእግሩ እየመጣ ያያል፤ ማታ የተሸነፈው ቤት በግ ይታረዳል፤ ለሐጂም ሙስሊም አራጅ ይጠራል። አንድ ነገር ግን አይለወጥም፤ የሚያሸንፉት ሁልጊዜ ሐጂ ነበሩ። መምህር ወንዳወቅ ስንቱን አሠልጥነው፣ ስንቱን አሸንፈው፣ መምህራቸውን ግን አንድም ቀን ማሸነፍ አልቻሉም። ሰው ሲያነሳባቸው ይስቁ እንጂ ነገሩ ከሆዳቸው እንደማይወጣ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር፤ ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሉም ተሰምተዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ ተባለና ትምህርት ቤቱም ሜዳውም ተዘጋ። በዚያ ክረምት አውድማው ላይ ሙጃ በቀለበት። መምህር ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ልጆቹ በየቤታቸው ግድግዳ ላይ ኳስ እንዲመቱ አዘዙ፣ በብስክሌት እየዞሩም በአጥር ላይ አሻግረው ያርሟቸው ጀመር። የየቤቱ ምርጊት ረገፈና እናቶች ለአቤቱታ መጡ፤ እሳቸውም ጭቃ አስቦክተው፣ በጭድ ለውሰው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው መልሰው መረጉት። በሬዲዮ የዓለም ትልልቅ ውድድሮች ያለ ተመልካች መጀመራቸውን ሲሰሙ፣ እነሱ ከቻሉ እኛ ምን ይይዘናል አሉና ለሜዳው ሕግ አወጡ።

ሕጉም ይህ ነበር። ተጫዋቹ ሰርቭ የሚያደርገው፣ ማለትም የመጀመሪያዋን ምት የሚመታው፣ በራሱ ኳስ ብቻ ነው፤ በፍኖተ ሰላም ኳስ ላይ «ፍ»፣ በቡሬ ኳስ ላይ «ቡ» ይጻፋል። የሌላውን ኳስ በራኬት ወይም በእግር ይገፉታል እንጂ አይነኩትም፤ በእጁ የነካ ነጥብ ያጣል። ቦታ ሲለዋወጡ በመረቡ ግራና ቀኝ ተለያይተው ያልፋሉ። ጨዋታው ሲያልቅ መተቃቀፍ የለም፤ እንደ ጥንቱ ከሩቅ እጅ ይነሣሣሉ። ይህችኛዋ ለጎጃም ሰው ከሁሉም ከበደች፤ ትከሻ ለትከሻ ሳይሳሳሙ መለያየት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል!

የ2013ቱ ግጥሚያ ፍኖተ ሰላም ላይ የተደረገው በዚህ ሕግ ነው። ሐጂ ጉልበታቸው ስለ ከዳቸው ከዚህ በኋላ አልጫወትም ብለው ተናግረው ነበርና፣ ለመምህር ወንዳወቅ የመጨረሻዋ ዕድል እንደሆነች ሁላችንም አውቀናል። ከአጥር ውጭ ተራርቀን ቆመናል፤ ዳኛዋ ልጃቸው ሠርክአዲስ ናት። ያን ቀን መምህር የተጫወቱትን ጨዋታ እኔ ደግሜ አላየሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራቸው።

ሰርቭ የሚያደርጉት ሐጂ ነበሩ። የመቷት ኳስ መረቡን ገጭታ በመምህር ወገን ወደቀች፤ መረብ የነካ ሰርቭ ደግሞ ይደገማል። ሐጂ እያነከሱ መጥተው፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በመረቡ ሥር በራኬታቸው ሊስቧት ሲያጎነብሱ፣ መምህር ወንዳወቅ ሮጠው ኳሷን አነሱና ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። ሐጂም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ቡ» የምትለዋ ፊደል በመካከላቸው ነበረች። ሠርክአዲስ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ሐጂን አየች። ያን ጊዜ መምህር ቀና ብለው «ሕጉን ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ ነጥቡ የሐጂ ነው» አሉ።

ሐጂ በፍጹም አልቀበልም አሉ። ታላቁን ያከበረ ሰው በየት አገር ይቀጣል ብለው ሞገቱ፤ መምህር ደግሞ ልጆቹ እያዩኝ ሕጌን አላፈርስም ብለው ድርቅ አሉ። ሽማግሌ ከሽማግሌ ሲጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ ሐጂ ኳሷን ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲያው ነጥቧ ትደር፤ መተቃቀፍ ሲፈቀድ እንጨርሳታለን» ብለው ከሩቅ እጅ ነሥተው ሄዱ።

መተቃቀፉ ተፈቀደ፤ ነጥቧ ግን አልተጨረሰችም። አንዴ የሐጂ ጉልበት፣ አንዴ መንገዱ እንቢ እያለ ዓመት ዓመትን ወለደ። ያ እሑድ በደረሰ ቁጥር ሐጂ ከቡሬ በስልክ ነጥቧ እንዴት አደረች ብለው ይጠይቃሉ፤ መምህርም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና አድራለች ብለው ይመልሳሉ፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ይስቃሉ። የዚያ ሳቅ ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ፤ ናፈቀኝ።

አምና ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። በሕክምናም በጸበልም ተሞክሮ ትንሽ ሻል ቢላቸውም ግራ እጃቸው እንደ ሞተ ቀረ። ባለፈው ወር ሐጂ ከልጃቸው ከናዚፋ ጋር ሊጠይቋቸው መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያችን ኳስ ከኪሳቸው አወጡና በመምህር ቀኝ እጅ ላይ አኖሩላቸው። ኮሮናውም ሄዷል፣ ሕጉም ቀርቷል፣ ነጥቧ ያንተ ናት፣ አሸንፈኸኛል አሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙት ይኸው እጃቸው ላይ ነበር።

መምህር ወንዳወቅ ኳሷን አዙረው «ቡ» የምትለዋን ፊደል አዩ። ከዚያ ደረታቸው ላይ አስቀመጧትና በቀኝ እጃቸው የማይታዘዘውን ግራ እጃቸውን አንስተው ከሥሯ አደረጉት፤ ሁለቱንም አጋጥመው ወደ ሐጂ ዘረጓት። «ሰርቩ የእርስዎ ነው» አሉ። ሐጂ አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን፤ ኳሷም ተመልሳ ሐጂ ኪስ ገባች። ከዚያ በኋላ እንደ ልባቸው ተቃቀፉ።

መምህር ወንዳወቅ ከትናንት በስቲያ ንጋት ላይ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አቻምየለሽን፣ ልጆቻቸውን ሠርክአዲስን፣ ይታገሱንና ሀኒን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ህይወትን፣ ያንን አውድማና በላዩ ያደጉትን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ሐጂ ኑርሁሴንንም ከወንድም ቆጥሬ እዚህ አስገብቻለሁ፤ ቤተሰቡ እንዲህ አድርግ ብሎኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ እጃቸውን ከኪሳቸው እንዳላወጡም አይቻለሁ።

ለታላቅ መስጠትን ያስተማራቸው አምላክ፣ ታላቁ እርሱ ነውና፣ ነፍሳቸውን በሁለት እጁ ይቀበልልን፤ ከደጋግ አባቶች ጎን ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ አቻምየለሽና ለልጆቹ መጽናናትን፣ ለሐጂ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። ነጥቧ እንዳደረች ናት።