ሜትር ያላስማማው ቤት

(ደሴ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ። ባለሱቁ ኑሪ፣ ባሏ ጋሽ ይመር ከሞተ አራት ወር ለሆናት ጎረቤቱ ለእትዬ ታጫውች ሁለት የሌዘር ሜትር፣ አንዱ እስከ አርባ አንዱ እስከ መቶ ሜትር የሚለካ፣ አውጥቶ ያማርጣታል።)

ኑሪ፦ መቶ ሜትሩ ምን ያደርግልዎታል? የሚለኩት ቤት ነው አስፋልት?

ታጫውች፦ ውዱን አምጪ ተብያለሁ።

ኑሪ፦ ማነው ያዘዘዎት?

ታጫውች፦ ታላቁ ልጄ። ርካሽ ይዋሻል አለ።

ኑሪ፦ አርባ ሜትሩም አይዋሽም። ይኸው፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደገፍኩት፤ ቁልፉን ስጫነው ቀይዋ ነጥብ ማዶ ታርፋለች። አምስት ሜትር ከአርባ ሁለት። አለቀ።

ታጫውች፦ አለቀ?

ኑሪ፦ አለቀ። ርዝመቱን በወርዱ አባዝቶ ስንት ካሬ እንደሆነም ይነግርዎታል። ፀሐይ ላይ ግን ነጥቧ አትታይም፤ ለቤት ውስጥ ነው የሚሻለው።

ታጫውች፦ እሺ።

ኑሪ፦ ባትሪው ሁለት ፍሬ ነው፣ የትም ያገኙታል።

ታጫውች፦ እሺ።

ኑሪ፦ እትዬ፣ ይሰሙኛል?

ታጫውች፦ እሰማለሁ። ሰሞኑን ሁሉም ከሩቅ ነው የሚሰማኝ።

ኑሪ፦ ግን ተራው ሜትር ምን አጠፋ?

ታጫውች፦ ልጆቼ ለኩበት። ታላቁ ሲይዘው ሳሎኑ ይሰፋል፣ ታናሹ ሲይዘው ይጠባል። አንዱ ወጠርከው ሲል አንዱ አላላኸው ሲል ተያያዙ። ሽማግሌ ገባና እጅ የማይጎትተው ይምጣ አለ።

ኑሪ፦ ቤት ሊካፈሉ? የጋሽ ይመር አፈር ሳይደርቅ?

ታጫውች፦ ደርቋል። ትናንት ሄጄ አየሁት።

ኑሪ፦ እስኪ የያዙትን የማካፈያ ወረቀት ይስጡኝ። በምሥራቅ ያለው የታላቅ፣ በምዕራብ ያለው የታናሽ። የእርስዎ የታለ?

ታጫውች፦ ስድስት ወር እዚህ፣ ስድስት ወር እዚያ።

ኑሪ፦ ማን ነው እንዲህ የወሰነው?

ታጫውች፦ ተቀምጠው ወሰኑት። ሻይ እያቀረብኩላቸው።

ኑሪ፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ታጫውች፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ኑሪ፦ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል! ቤቱን ማን ሠራው?

ታጫውች፦ ሁለታችን። እሱ ሲያቆም እኔ ስመርግ፣ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

ኑሪ፦ ካርታውስ በማን ስም ነው?

ታጫውች፦ የሁለታችንም ስም አለበት።

ኑሪ፦ ታዲያ ግማሹ የራስዎ ነዋ! ልጆቹ የሚወርሱት የአባታቸውን ግማሽ ነው። በእናቴ ጊዜ ፍርድ ቤት ተመላልሼ ነው ያወቅሁት።

ታጫውች፦ ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል በለኛ።

ኑሪ፦ ኧረ አልወጣኝም! ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ነው የምልዎት።

ታጫውች፦ የወለድኳቸው ናቸው፣ ኑሪ። በማን ላይ ልጩህ?

ኑሪ፦ እሺ፣ አይጩሁ። የት ሊተኙ ነው እንግዲህ?

ታጫውች፦ ታላቁ ሶፋው ይበቃሻል ብሏል።

ኑሪ፦ ታናሹስ?

ታጫውች፦ እሱ ገና እያሰበበት ነው።

ኑሪ፦ ያስብበት! እናት የት ትተኛ ተብሎ ይታሰባል?

ታጫውች፦ (አርባ ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ ታነሳለች።)

ኑሪ፦ ይቅርታ፣ እትዬ። አፌ አመለጠኝ። አርባ ሜትሩን ልጠቅልልልዎት?

ታጫውች፦ አትጠቅልለው። ቁልፉን እኔ ልጫነው፣ እጄ ይልመደው። ዛሬ ሁለቱም ሳይመጡ የራሴን ግማሽ ለክቼ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን እነሱ ይካፈሉት።